የሠርፀ ስልት

«የተከበራችሁ ለቀስተኞች» አሉ ጋሽ ኃይለመለኮት፣ ከመቀመጫቸው ተነስተው ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው። ግቢው ጸጥ አለ። ሻይ የሚያዞረው ሰው ባለበት ቆመ። የሚያለቅሱትም ምን ሊባል ነው ብለው ፋታ ወሰዱ። «የመጸዳጃ ቤቱ በር ከተዘጋ ከውስጥ አይከፈትም። ስለዚህ የገባ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ውስጥ እስካለ ድረስ ይሳል። በሩ ወንድማችን ሠርፀ በገዛ እጁ የሠራው እንደመሆኑ፣ በትዕግሥት እንድንገለገልበት በትሕትና አሳስባለሁ።»

«ነፍሱን ይማር» አለ ሰዉ።

ማስታወቂያው ያለ ምክንያት አልመጣም። ጠዋት ከሌላው የጁባ ሰፈር፣ ከቶንፒንግ፣ ለለቅሶ የመጣ እንግዳ ሳያውቅ ዘግቶት፣ ከውስጥ ሆኖ በሩን ሲደበድብ፣ ደጅ ያሉት ኀዘን ያንገበገበው መስሏቸው «ተው፣ ይበቃሃል፣ እግዜር የወሰደውን» እያሉ ብዙ ቆይተዋል።

የሠርፀ ሚስት አልጣሽ ይህን ሁሉ የሰማችው በረንዳው ጥግ፣ ባሏ የሠራላት ወንበር ላይ ሆና ነው። ላይ ማለት እንኳ ይከብዳል። ወንበሩ ጥልቅ ነው፤ ጀርባዋን ካስደገፈች እግሯ ይንጠለጠላል፣ እግሯን መሬት ካስነካች ጀርባዋ ብቻውን ይቀራል። ከፊቷ ሠርፀ የሠራው ረጅም ጠረጴዛ አለ። ከጠረጴዛው ወዲያ ሠርፀ የሠራው አግዳሚ፤ አግዳሚው ላይ ደግሞ የእድሩ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ተቀምጧል። አልጣሽ ከዚያ እንድትወጣ ረድፉ በሙሉ መነሳት ነበረበት። ሰው ሁሉ ከተነሳ ሰው ሁሉ ያያታል፤ ካያት «ምን ፈለግሽ?» ይላታል። ስለዚህ በተቻላት መጠን ምንም ሳትፈልግ ትውላለች።

በመጀመሪያው ቀን፣ ወግ እንደሚያዘው፣ መሬት ላይ ፍራሽ ይነጠፍልኝ ብላ ነበር። ጋሽ ኃይለመለኮት ግን ቶንፒንግ ምግብ ቤት ያላቸው፣ የእድሩም ሊቀመንበር ናቸው፤ በሠርግም በለቅሶም ማን የት እንደሚቀመጥ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። «ሠርፀ በእጁ የሠራላት ዙፋን እያለ መሬት?» አሉ። «ሟችን ማስቀየም ነው።»

«እንዴት ያለ እጅ ነበር!» አለች የምስራች፣ አግዳሚው ላይ ወዲያ ወዲህ እየተመቻቸች። አግዳሚው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ግራ ጫፍ ላይ ያለ ሰው የሌላውን ሁሉ ክብደት ይሸከማል፤ የዛሬው ተረኛ እሷ ናት። «ለእኔ የሰጠኝ ጠረጴዛ እስከ ዛሬ አለ። ምሳ በየቀኑ እሱ ላይ ነው።»

ጀውሀራ ወደ አልጣሽ ጆሮ ጠጋ አለች። «የማን ምሳ? የዶሮዎቿ ነው። ዕንቁላል ልገዛ ሄጄ አይቻለሁ፤ እላዩ ላይ ተኮልኩለዋል።»

ጀውሀራ ሀይ ጀላባ ሰፈር ዱቄትና ዘይት በጅምላ የምትሸጥ ጎረቤት ናት። ሠርፀ ከሞተ ጀምሮ ሱቋን ለወንድሟ ትታ ከአልጣሽ ጎን አልተነሳችም። እውነቱን ለመናገር፣ ብትፈልግም መነሳት አትችልም፤ እሷም ያለችው ከጠረጴዛው ወዲህ ነው።

ሠርፀ አናጢ አልነበረም። መተዳደሪያው ከቤቱ የፊት ክፍል ያለችው ቢራ ቤት ናት። አናጢነቱን የተማረው ከስልኩ ነው፤ ፈረንጆች በጓሯቸው ጠረጴዛ ሲገጥሙ ቁጭ ብሎ ያያል፣ ከዚያ መጋዙን ያነሳል። የሠራው ሁሉ ወፍራም፣ ከባድ፣ ትንሽ ዘመም ያለ ነበር። ሠርቶም ለሰው ይሰጣል። ጁባ ካለ ሐበሻ የሠርፀን ዕቃ ያልተቀበለ ካለ በቅርቡ የመጣ ነው። እምቢ አይባልም፤ ራክሻ በሚሉት ባጃጅ ላይ ጭኖ እደጃፍ ድረስ ያመጣዋል፣ የሚቆምበትንም ቦታ ራሱ ያሳያል። «ከመስኮቱ ሥር አድርጉት» ይላል።

መኝታ ቤት ያለው አልጋ ግን ለማንም አይሰጥም። እዚያው ክፍሉ ውስጥ ስለተሠራ በበሩ አይወጣም። በሩም አልጋውን ስለሚመታ ከእኩሌታ በላይ አይከፈትም። አልጣሽ መኝታ ቤቷ የምትገባው በጎን ነው። ሠርፀ ልቡ ቀጥ ባለችበት ጠዋት እሱም የወጣው በጎን ነው። ተሸክመው ያወጡት ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ አላወሩም።

ከግቢው ማዶ፣ ከማንጎው ሥር፣ መዶሻ ተሰማ።

ለቅሶ ቤት መዶሻ ነውር ነው። ይህኛው ግን እድሩ የፈቀደው ነበር። ነገሩ የተጀመረው በቀብሩ ቀን ነው። የሠርፀና የአልጣሽ አንዲት ልጅ ሄቨን አዲስ አበባ ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቷል። የአባቷ ሞት አልተነገራትም። እርጉዝ መርዶ አትሰማም፤ ይህን ማንም ለማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። ከቀብር መልስ ስትደውል ግን ወንዶቹ የድንኳኑን ካስማ እየተከሉ ነበር።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው? አባዬ ነው?» አለች ሄቨን።

አልጣሽ እንባዋን የምትውጥበት ጊዜ ነበራት እንጂ ውሸት የምታሰናዳበት አልነበራትም። «አዎ» አለች።

«ምን እየሠራ ነው?»

«ለልጁ... አልጋ።»

«እሺ፣ ፎቶ ላኪልኝ» አለች ሄቨን።

በዚህ መንገድ የእድሩ ሰዎች ሬሳ በቀበሩ ማግስት የሕፃን አልጋ መሥራት ጀመሩ። ሸሪካት ሰፈር የበርና የመስኮት ሥራ ያለው ገብሬ መጋዝና መላጊያውን ይዞ ተጠራ። ሄቨን በደወለች ቁጥር ጋሽ ኃይለመለኮት እጃቸውን ያነሳሉ፣ ለቀስተኛው ዝም ይላል፣ ገብሬ ይመታል። እስካሁን መስመሩ እየተቆራረጠ ብዙም አላወሩም።

የሄቨን ጥያቄ ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር። «እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?»

አልጣሽም ከዚህ ሌላ የምትፈልገው ነገር የላትም። ልጅ የመጀመሪያዋን ስትወልድ እናቷ ናት የምታርሳት። ግን እንዴት ትሂድ? ጥቁር ለብሳ ብትገባ ልጅቱ ገና በር ላይ ታውቃለች። ጥቁሯን አውልቃ ብትሄድ ደግሞ ባሏን ቀብራ ሳምንት ሳይሞላት ለሽርሽር ወጣች ይባላል። ጋሽ ኃይለመለኮት ወሰኑ፤ ሄቨን እስክትወልድ አልጣሽ ከጁባ ንቅንቅ አትልም። ልጁ ክርስትና ከተነሳ በኋላ የአዲስ አበባ ዘመድ ተሰብስቦ ያረዳታል። እስከዚያ አባት እየሠራ ነው፣ እናት እያገዘች ነው።

«ለሷው ብለን ነው» አሉ ጋሽ ኃይለመለኮት። አግዳሚው በሙሉ ራሱን ነቀነቀ፤ ከነቀነቀ በኋላም ለጥቂት ጊዜ በራሱ ሲንቀሳቀስ ቆየ።

እኩለ ቀን ላይ አሞጽ መጣ። የቤቱ አከራይ ነው፤ ልጅነቱን ጋምቤላና አዲስ አበባ አሳልፎ አገሩ ደቡብ ሱዳን ነፃ ስትወጣ የተመለሰ፣ በጣም ረጅም ሰው። በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ የአልጣሽን እጅ በሁለት እጁ ያዘ። ከለቀስተኛው ሁሉ እሷ ዘንድ እጁ የደረሰለት እሱ ብቻ ነው።

«ማሌሽ፣ ማማ አልጣሽ። ማሌሽ» አለ በአገሩ ዐረብኛ ሲያጽናናት። «ሄቨንስ? መቼ ነው የምትገባው? ኤርፖርት ልቀበላት?»

«ሽሽሽ!» አለ አግዳሚው።

«አልተነገራትም። እርጉዝ ናት» አለች የምስራች።

«ምኑ ነው ያልተነገራት? የአባቷ ሞት?»

«ከወለደች በኋላ ነው።»

አሞጽ ወደ ማንጎው ዞሮ አየ። ገብሬ የአልጋውን ርብራብ እየቸነከረ ነው። «ያስ ማነው?»

«እሱ ሠርፀ ነው» አሉ ጋሽ ኃይለመለኮት።

አሞጽ ለመረዳት ጊዜ ወሰደ። ገብሬን አየ፣ ሊቀመንበሩን አየ፣ አልጣሽን አየ። «ኩወይስ» አለ በመጨረሻ፤ እሺ ደኅና ማለቱ ነው። ያመጣውን የውሃ እሽግ አውርዶ የፕላስቲክ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

አልጋው ሲያልቅ ሌላ ችግር መጣ። አልጋው በአራቱም እግሩ ቆመ። ጋሽ ኃይለመለኮት በጣታቸው ገፋ አደረጉት፤ አልተነቃነቀም። ፊታቸው ጠቆረ።

«ምነው ገብሬ?»

«ምን ሆነ ጋሼ?»

«በጣም ቀጥ አላለም?»

«አልጋ እኮ ነው፤ ቀጥ ይበል እንጂ።»

«ይበል። ግን ፎቶው የሚሄደው ለሄቨን ነው። የአባቷን እጅ ታውቃለች።»

ገብሬ አልጋውን ዞሮ አየው። የተባለው ነገር ለሁሉም ገብቶታል፤ መጀመሪያ የገባው ሰው መሆን ግን ማንም አልፈለገም።

«ይጣመም ነው የሚሉኝ?» አለ ገብሬ።

«ማን ይጣመም አለህ?» ጋሽ ኃይለመለኮት ተቆጡ። «ሠርፀ የራሱ ስልት ነበረው። ስልቱን አስገባበት ነው የምልህ።»

«ስልቱን...» ገብሬ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ። «የትኛው እግር ላይ ላስገባው?»

«ግራው ላይ» አለች የምስራች ቶሎ ብላ። ከዚያ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ጀውሀራ ፊቷን በሻርፗ ጋረደችና ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አልጣሽ የምታለቅስ መስሏት ጀርባዋን ልታሻት እጇን ሰደደች፤ ጀውሀራ እየሳቀች ነው። አልጣሽንም ሳቅ ሊይዛት ምንም አልቀራት። ግን ገብሬ መጋዙን ግራው እግር ላይ ሲያሳርፍ አየችና ሳቁን ተወችው።

ስልት እንዳልነበረ የምታውቀው እሷ ናት።

ከዓመታት በፊት፣ ጁባ ውስጥ በተነሳው የሐምሌ ተኩስ ጊዜ፣ ሦስቱም መኝታ ቤቱ ወለል ላይ ተኝተው ሰነበቱ። ሄቨን ገና ልጅ ነበረች። ሠርፀ ሰው ሁሉ «እሱ አይፈራም» የሚለው ሰው ነው፤ የሰከረ ወታደር ቢራ ቤቱ ገብቶ ጠመንጃውን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋ «አንሳውና ብርጭቆ ላስቀምጥበት» ያለ ሰው። ያኔ ግን ውሃ ሊጠጣ ቢያነሳ ግማሹ አንገቱ ላይ ፈሰሰ። ለአልጣሽ ሳይነግራት በሆዱ ተስቦ ወደ ቢራ ቤቱ ሄደ፣ መደርደሪያውን ነቀለ፣ ጣውላውን እየጎተተ አመጣ። መስኮቱ ላይ መቸንከር ሲጀምር እጁ ጸና። መስኮቱ ሲያልቅ የተኙበትን ቦታ ዙሪያውን በጣውላ አጠረ፣ በላዩ ሌላ ጣውላ ደረበ። «ጥይት ይህን አያልፍም» ይላል በጉልበቱ እየገፋ። ያ ነው አልጋው። ተኩሱ ካቆመ በኋላ እግር ቀጠለለትና ቫርኒሽ ቀባው።

መንገዱ ሲከፈት ብዙ ሰው ወጣ። አልጣሽም ሻንጣ አዘጋጀች። ሠርፀ ሄቨንን ከሚሄዱ ሰዎች ጋር አዲስ አበባ አክስቷ ዘንድ ላካት። እሱ ግን የኤርፖርቱን መንገድ መውጣት አልሆነለትም። «የጀመርኩትን ቡፌ ልጨርስና» አለ። ቡፌው አልቆ ወንበር ተጀመረ፤ ወንበሩ አልቆ አግዳሚ። ከተማው ውስጥ ወሬ በተናፈሰ ቁጥር መጋዙ ይነሳል። ለአንዱ ጠረጴዛ፣ ለአንዱ ሳጥን፣ ሁሉም ወፍራም፣ ሁሉም ከመስኮት ሥር የሚቆም። ሰዉ «ሠርፀ ደግሞ የቤታችንን አቀማመጥ ያስተምረን ጀመር» ብሎ ይስቅ ነበር። አልጣሽ ምን ትበል? ባሌ ለእናንተ ግድግዳ እየሠራላችሁ ነው ትበል? ባሌ ይፈራል ትበል? እሷም እንደ ሰዉ የቤት ዕቃ ብላ ትጠራው ጀመር። እሱን ብቻውን ትታው መሄድም አልቻለችም። የልጇን ሠርግ ያየችው በስልክ ነው።

ሊሞት ሰሞን ግን ራሱ አነሳው። «ለወሊዷ ሂጂ» አላት፣ ሚስማር በከንፈሩ እንደያዘ። «እኔ እዚሁ ሆኜ እጠብቃለሁ።»

አልጋው ስልት ገባበት። ለፎቶው፣ ድንኳኑና ለቀስተኛው እንዳይታይ፣ ጥቁር የለበሱ ሁለት ሴቶች ከኋላው አንሶላ ዘርግተው ያዙ። የአንዷ ጥቁር እጅጌ ስለታየ እንደገና ተነሳ። ፎቶው ሲላክ ጋሽ ኃይለመለኮት ትልቅ ሥራ እንደጨረሰ ሰው ተነፈሱ። አልጣሽ አሁን ነው አለች። ጠዋት ሙሉ በልቧ ስትደጋግመው የዋለችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ እኔ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ።

«ጋሽ ኃይለመለኮት» አለች። «አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር።»

«ተነሱላት!» አሉ።

ረድፉ ተነሳ። አግዳሚው ክብደቱ ሲለቀው ጮኸ። ሻይ የያዘ ሻዩን፣ ንፍሮ የያዘ ንፍሮውን እንደያዘ ቆሞ አያት። ማዶ በድንኳኑ ያሉትም ምን መጣ ብለው ብድግ አሉ።

«ምን ፈለግሽ የእኔ እመቤት?»

አልጣሽ የቆመውን ሰው ሁሉ አየች። ሁሉም ሥራ ፈትቶ የመጣላት ሰው ነው።

«መጸዳጃ ቤት» አለች።

ሄደች። በሩን ገርበብ አድርጋ እየሳለች ጨለማው ውስጥ ቆመች። ደጅ ሰው «እሷ ናት፣ እሷ ናት፣ አትግባ» ሲባባል ትሰማለች። ስትመለስ ረድፉ እንደ በር ተከፍቶ አስገባትና መልሶ ተዘጋ።

ገና እንደተቀመጠች ስልኩ ጠራ።

«ሄቨን ናት» አለች።

የጋሽ ኃይለመለኮት እጅ ወደ ላይ ወጣ። ለቅሶው ቆመ። «ስፒከር ላይ አድርጊው» አሉ በሹክሹክታ። «ወደ ማንጎው አዙሪው፤ መዶሻው በደንብ ይሰማት።»

«እማዬ» አለ ስልኩ። መስመሩ ዛሬ ጥርት ብሏል፤ ድምፅዋ እስከ ድንኳኑ ይደርሳል።

«ወዬ የእኔ ቆንጆ።»

«ፎቶው ደረሰኝ።»

«እንዴት ነው?»

«ያምራል» አለች። «ወደ ግራ ዘመም ብሏል።»

አግዳሚው ላይ እፎይታ ሆነ። የምስራች ጋሽ ኃይለመለኮትን በኩራት አየቻቸው።

«የአባትሽ ሥራ ነዋ» አለች አልጣሽ።

«አሁንም እየሠራ ነው?»

ሊቀመንበሩ አገጫቸውን ወደ ገብሬ ነቀነቁ። ገብሬ ሚስማር አቁሞ መታ። አከታትሎ፣ ንጹሕ አድርጎ፣ ዕድሜ ልኩን እንደሚመታው። ሚስማሩ ጣውላው ውስጥ ገባ። ሌላ አቆመ፤ እሱንም አስገባው።

ስልኩ ውስጥ ድምፅ ጠፋ። ሰዉ መስመሩ የተቋረጠ መሰለው።

«እማዬ፣ ማነው የሚመታው?»

የገብሬ መዶሻ አየር ላይ ቀረ።

«አባዬ አንዴ መትቶ ያዳምጣል» አለች ሄቨን፣ ለማያውቅ ሰው እንደምታስረዳ፣ ቀስ ብላ። «አንዴ ይመታና ውጭውን ያዳምጣል። ውጭው ዝም ካለ ነው ሁለተኛውን የሚመታው። ያኔ ወለሉ ላይ ሆነን እጄን ይዞ እንዲህ ያደርግ ነበር። ከዚያ በኋላም አልተወውም። ይፈራል እኮ አባዬ። እንዲህ አከታትሎ መትቶ አያውቅም።»

እያንዳንዱ ሰው እቤቱ መስኮት ሥር ቆሞ የነበረ፣ በኋላ ወደ ጓሮ ወይ ወደ ዶሮ ቤት ያወጣው አንድ ከባድ ዕቃ አለው። የምስራች መሬት መሬቱን ታያለች። የጋሽ ኃይለመለኮት እጅ እንደተነሳ ነው፤ ማውረጃው ጠፍቷቸዋል።

አልጣሽ ይህን ታውቃለች። ገብሬ ከጀመረባት ቀን ጀምሮ ስህተቱን ሰምታዋለች። አልነገረችውም።

«መቼ ነው?» አለች ሄቨን።

«ሰኞ ጠዋት።»

«አሞት ነበር?»

«የለም። እንደተኛ ነው።»

«እኔ ደኅና ነኝ፤ ተቀምጫለሁ። ባለቤቴም አጠገቤ ነው» አለች ሄቨን። ድምፅዋ መሰበር ጀመረ። «ከመጀመሪያው ቀን ጠርጥሬያለሁ። ትነግሩኛላችሁ ብዬ ስጠብቅ ነበር። እማዬ፣ ትመጫለሽ?»

አልጣሽ ጋሽ ኃይለመለኮትን አላየችም። ጥቁሯንም አላየችም።

«እመጣለሁ» አለች። «በዚህ ሳምንት እመጣለሁ።»

ከዚያ ነው ማዶ ልቅሶው የመጣው፤ የአንዲት ብቸኛ ሴት ልቅሶ፣ ከትንሽ ስልክ ውስጥ። አልጣሽ ስልኩን በመዳፏ እንደያዘች ምን እንደምታደርገው ጠፋት። ብትዘጋው አይሆን፣ ጆሮዋ ላይ ብታደርገው አይበቃ። ጀውሀራ የሻይ ብርጭቆዎቹንና የንፍሮውን ሳህን ወደ ዳር ገፋች፤ ጠረጴዛውን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው። አልጣሽ ስልኩን እዚያ፣ በሰዉ መካከል፣ አኖረችው።

አግዳሚው ላይ ያሉት፣ ከሩቅ መንገድ ዘግይቶ ለደረሰ ለቀስተኛ እንደሚደረገው፣ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁ።